በዝዋይ ደሴቶች ማደር፦ ጀልባ ከመሳፈር በፊት የሚያልቀው ሥራ

ደሴት ላይ የተረሳ ክብሪት የሚመጣው በጀልባ ነው። ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሉት የእንግዳ ማረፊያ ደጃፉ ላይ ሱቅ የለውም፤ ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ ለስላሳውም፣ የጄኔሬተሩ ቤንዚንም ሐይቁ ዳር ካለችው ከባቱ (ዝዋይ) ከተማ ተገዝቶ ሐይቁን ተሻግሮ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ደሴት ላይ የሚያድር ሰው ተመችቶት ይመለስ ወይስ ተማሮ የሚለየው ገና ዳርቻው ላይ ሳለ ነው። ይህ ጽሑፍ የዝዋይን (የደምበልን) ሐይቅ ደሴቶች፣ በተለይም ትልቁን ቱሉ ጉዶን ይዞ የተዘጋጀ ነው። አብዛኛው ምክር ጣና ላይም ይሠራል።

ሐይቁ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አምስት ዋና ዋና ደሴቶች አሉት፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። የደሴቶቹ ባለቤቶች የዛይ ሕዝብ ናቸው፤ ከስልጤኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞም ይናገራሉ። በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በትውፊት እንደሚነገረው በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው የሸሹት ወደዚህ ነው። ለእረፍት ብቻ የሚሄድ ሰውም ይህን አውቆ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ የሚያርፈው የሌሎች ቤትና የሌሎች ቅዱስ ቦታ ላይ ነውና።

መቼና ለስንት ቀን

ለአንድ ሌሊት አትሂዱ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሣ ጀልባ የሚመቸው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ገብታችሁ በማግስቱ ጠዋት ከወጣችሁ ያያችሁት ጓዛችሁን ስትፈቱና ስትሸክፉ ብቻ ይሆናል። ሁለት ሌሊት ልክ ነው። ሦስተኛ ቀን በእጃችሁ መጠባበቂያ ይኑራችሁ፤ ንፋሱ ካልበረደ ጀልባ ነጂው አይወጣም፣ እንዲወጣም ማስገደድ የለባችሁም። በሚመለሱበት ቀን ማታ በረራ ያለው ሰው ደሴት ላይ ባያድር ይሻለዋል።

ከወራቱ የምንመርጠው ታኅሣሥና ጥርን ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚበረታው ወባም ቀንሷል። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ቆላ ነው ብሎ በቲሸርት የሄደ ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ለያንዳንዱ ሰው ያስፈልጋል። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይከብዳል፣ ውሃውም ከዳርቻው ይሸሻል። ውሃው ሲሸሽ ጀልባው መሬት ስለሚነካ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ጫማውን አውልቆ በጭቃና በሣር ውስጥ ይሻገራል። ይህ የሚያስፈራን በጭቃው ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን ስለ ቢልሃርዝያ (ከሐይቅ ውሃ ቆዳ በስቶ በሚገባ ትል ስለሚመጣው በሽታ) ስንናገር ታገኙታላችሁ። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ፣ ጭቃና ማዕበል ናቸው፤ ይቅርባችሁ።

ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም ክብረ በዓል ነው። በዓሉን ፈልጎ ለሚሄድ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ጸጥታ ፈልጎ ለሚሄድ ግን የማይሆን ቀን ነው፤ ምእመናን በየጀልባው ይጎርፋሉ፣ መኝታም መሻገሪያም ይጠፋል። ቅዳሜና እሑድም ከአዲስ አበባ ለቀን ጉብኝት የሚመጣ ሰው ስለማይጠፋ፣ ከሰኞ እስከ ኀሙስ ያሉት ቀናት ይመረጣሉ።

ስልኩ

የትንሽ ማረፊያ ባለቤት እንግዳ በሌለበት ወቅት ክፍሎቹን ዘግቶ ሌላ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ሳይደውሉ መሄድ የተቆለፈ በር ማግኘት ነው። ከአምስት ቀን ያላነሰ ጊዜ ሲቀረው ደውሉ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን ደግሞ ደግማችሁ ደውሉ። የመጀመሪያው ጥሪ እነሱ ለገበያ እንዲዘጋጁ ነው፤ ሁለተኛው በዚያው ቃል መሆናችሁን ለማረጋገጥ። ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ የተስማማችሁበትን ሁሉ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ፦ ቀኑን፣ የሰውን ቁጥር፣ የምግቡን ነገር፣ ዋጋውን። ቀኑን ስትጽፉ የኢትዮጵያም የፈረንጅም አድርጋችሁ ጻፉት፤ ከውጭ አገር የሚደውሉ ወገኖች በዚህ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፣ ሰዓቱም እንዲሁ።

በስልኩ የሚጠየቀው ይህ ነው፦

ስንት አልጋ ክፍት ነው? አልጋው ላይ አጎበር አለ ወይ፣ ሳይቀደድ? መጸዳጃው ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? የመታጠቢያው ውሃ በቀጥታ ከሐይቁ የሚቀዳ ነው ወይስ በሮቶ ተጠራቅሞ የቆየ? መብራቱ ሶላር ነው ወይስ ጄኔሬተር፣ እስከ ስንት ሰዓት ይበራል? ዋጋው በአልጋ ነው በክፍል፣ ቁርስ ይጨምራል? ጀልባ እነሱ ያዘጋጃሉ ወይስ እናንተ? ክፍሎቹ ቢሞሉ ወይም ቢዘጉ ድንኳን መትከል ይፈቀዳል፣ የትኛው ቦታ ላይ?

የመጨረሻው ጥያቄ የትርፍ አይምሰላችሁ። ሁለት ሰው የሚይዝ ቀላል ድንኳንና ፍራሽ ይዞ የሄደ ሰው በምንም ሁኔታ ሜዳ ላይ አይቀርም። ድንኳን ግን ያለፈቃድ አይተከልም፤ ባዶ የሚመስለው ሜዳ የሰው እርሻ ወይም የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ነው።

የመንገዱንም ሁኔታ በዚሁ ስልክ ጠይቁ። ከሞጆ በመቂ ወደ ባቱ የሚወስደው መንገድ በዚያ ሳምንት ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው በላይ የሚነግራችሁ የለም። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ሁላችሁም ያዙ፤ በመንገድ ፍተሻም በማረፊያ ምዝገባም ይጠየቃል። ድሮን ከውጭ ይዛችሁ አትምጡ፤ ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፣ ቦሌ ላይ ይያዝባችኋል።

ጀልባው

አዲስ አበባን ሌሊት 11 ሰዓት ለቆ ጠዋት መሻገር ይቻላል፤ ሆኖም ማታውኑ ባቱ ገብቶ ማደር ይሻላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ የተኛ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ንፋሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ዝዋይ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ ንፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ ይቆማል፤ አጭርና ተደጋጋሚ ሆኖ ጀልባውን በጎን ይመታል። ባቱ ዳር ላይ ቆማችሁ ውሃው ጸጥ ብሎ ቢታያችሁም መሃሉ እንዲሁ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። የአካባቢው ጀልባ ነጂ «ዛሬ ይቅር» ካለ ይቅር።

ወደ ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ እንደ ሞተሩ ጉልበት፣ እንደ ጭነቱና እንደ ንፋሱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ዋጋ ስትነጋገሩ አራት ነገር ለዩ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? ደርሶ መልስ ነው? ቤንዚኑ በማን ነው? ነጂው ከናንተ ጋር ደሴቱ ላይ ያድራል ወይስ ተመልሶ ይመጣል? ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን አስረግጣችሁ ተነጋገሩ፣ ግማሹን ስትሄዱ፣ ግማሹን ባቱ ስትመለሱ ክፈሉ። ሙሉውን ቀድሞ የከፈለ ሰው ነጂው ሌላ ሥራ ሲያገኝ ይረሳል፤ ምንም ያልከፈለው ደግሞ ነጂው ቤንዚን የሚገዛበት ስለሌለው ይቀርበታል። ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን ከዋዜማው ጀምሮ እንዲገዛ ገንዘቡን ስጡት።

ከመሳፈራችሁ በፊት ጀልባው ውስጥ ግቡና በዓይናችሁ እዩ። ላይፍ ጃኬት ለያንዳንዱ ሰው መኖር አለበት፤ መቀመጫ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሳይሆን ማሰሪያው የሚሠራ። ለልጅ የልጅ ልክ ነው የሚያስፈልገው፤ የአዋቂው ጃኬት ውሃ ውስጥ በልጁ ጭንቅላት በኩል ሾልኮ ይወጣል። ሁለት መቅዘፊያ፣ ትርፍ ቤንዚን በጀሪካን፣ ትርፍ ካንዴላና መፍቻው፣ ውሃ መጥለቂያ ጣሳ፣ ጠንካራ ገመድ። መቅዘፊያው ለይስሙላ አይደለም። እዚህ ሐይቅ ላይ ሞተር በብዛት የሚቆመው አረም ወይም የዓሣ አጥማጅ መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ነው። ሞተሩ ሲቆም ንፋሱ ጀልባውን ያዞረውና ጎኑን ለማዕበሉ ይሰጠዋል፤ የሚገለበጠው ያን ጊዜ ነው። ነጂው መረቡን ቆርጦ እስኪያወጣ አንድ ሰው እየቀዘፈ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ መያዝ አለበት። ተሳፋሪው ደግሞ ከተቀመጠበት መነሣት የለበትም። ሁሉም ለማየት ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ማዕበሉ ያላደረገውን ሰው ያደርገዋል።

ከባዱ ጓዝ መሃል ላይ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ልብሱንና ፍራሹን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ እሰሩ፤ ፊት የሚቀመጥ ሰው ፍንጣሪ አይቀርለትም። ስልክና ገንዘብ በየግል በሚዘጋ ላስቲክ አድርጋችሁ ልብሳችሁ ውስጥ ያዙ።

ምን ያህል ልያዝ?

ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ሌሊት የሚበቃውን እንናገር። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ያስቡ፤ ከመንገዱ ጋር ለሁለት ሰው ከ15 እስከ 18 ሊትር ይሆናል። ምግቡን ማረፊያው ቢያዘጋጅም ለአንድ ቀን የሚበቃ የራሳችሁ መጠባበቂያ ይኑር፦ በሶ አንድ ኪሎ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ። ጀልባው አንድ ቀን ቢዘገይ የምትኖሩት በዚህ ነው። እንጀራ እነሱ የማያቀርቡ ከሆነ ለሰው በቀን ሦስት ብላችሁ 12 እንጀራ ያዙ፤ በጨርቅ ጠቅልሉት እንጂ በላስቲክ አትዝጉት፣ በዚያ ሙቀት በሁለተኛው ቀን ይሻግታል።

ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ለያንዳንዱ ሰው። በእጅ የሚያዝ ባትሪ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ለሚሄድ ሰው አይመችም። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ ስልክን ሦስትና አራት ጊዜ ይሞላል፤ ለሁለት ሰው ለሦስት ቀን ይበቃል። የማረፊያው ሶላር ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለአምፖልና ለስልክ ነው። የውሃ ማፍያ፣ ካውያ ወይም የፀጉር ማድረቂያ የሰካ ሰው የሁሉንም መብራት ያጠፋል፤ ባትሪውንም ይጎዳል፣ አዲስ ባትሪ መግዛት ደግሞ ለዚያ ቤት ቀላል ወጪ አይደለም።

አንሶላ፣ ትንሽ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ ተጨማሪ አጎበር፣ ሦስት ሜትር ሲባጎ። ሲባጎው አጎበሩን ለመስቀል ነው፤ ብዙ ክፍል ውስጥ አጎበር ኖሮ ማንጠልጠያ አይኖርም። ከመድኃኒት፦ ኦ አር ኤስ ስድስት ፓኬት፣ ፓራሲታሞል፣ የቁስል ፋሻና አዮዲን፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የምትወስዱት የዘወትር መድኃኒት ካለ ለሦስት ቀን ትርፍ ጨምሮ። የስኳር ታማሚ ኢንሱሊኑን የሚያቀዘቅዝበት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ጥላ ውስጥ ይቀመጥለት።

ገንዘብ በጥሬው ያዙ። ባንክ የለም፤ ቴሌብር ኔትወርክ ካለ ይሠራል፣ ኔትወርኩ ግን ቃል አይገባም። ከ200 ብር ይልቅ 50ና 100 ብር ይብዛ፤ መልስ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

ምግብ

የደሴት ቤት ምግብ በትእዛዝ ነው የሚሠራው። መረብ የሚነሣው ንጋት ላይ ስለሆነ፣ ለነገ ምሳ ዓሣ የምትፈልጉ ከሆነ ዛሬ ማታ ተናገሩ። እኩለ ቀን ላይ «ዓሣ አለ?» ያለ እንግዳ ሽሮ ይበላል፤ ጥፋቱም የማንም አይደለም። ቆሮሶ ለጥብስ፣ አምባዛ ለወጥ ይመቻል። መካከለኛ ቆሮሶ ለአንድ ሰው አንድ ይበቃል፤ ለሚበላ ሰው ሁለት። ደኅና አድርጎ የበሰለ ብሉ። ሐዋሳ ዳርቻ ላይ የሚወደደውን ጥሬ ዓሣ እዚህ አትሞክሩት፤ ሆድ ቢታመም ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው ያው ጀልባ ነው።

ስለ ጾም በግልጽ ተነጋገሩ። የደሴቱ ነዋሪ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ወጥ ቤቱ የጾም ነው። እናንተ የማትጾሙ ብትሆኑ በእነሱ ድስት ሥጋ አብስሉልን አትበሉ። የምትጾሙ ከሆነም ዓሣ ትበላላችሁ ወይስ አትበሉም የሚለውን ቀድማችሁ ተናገሩ፤ በዚህ ላይ የየቤቱ ልማድ ይለያያል። ሙስሊም እንግዶች የሚበሉትን ሥጋ አሳርደው ማምጣት ወይም በዓሣና በአትክልት መቆየት ይመርጣሉ፤ ሁለቱም ይሆናል፣ በስልኩ ከተነገረ።

ባዶ እጅ አትሂዱ። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ገብታችሁ ለእናትየው ብትሰጡ ትርጉሙ ከዋጋው በላይ ነው። የዚያኑ ማታ ቡናው ይፈላል፤ ስለ ደሴቱ የምትጠይቁትን ሁሉ የምትሰሙትም እዚያ ቡና ላይ ነው።

ውሃውን መፍራት

የዝዋይ ውሃ ደፍራሳ ነው፤ ከሐይቁ ቀድቶ መጠጣት አይሆንም። የታሸገው ካለቀባችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ውሃውን በባልዲ አቆዩትና ደለሉ ይዝቀጥ። ከላይ ያለውን በአራት በታጠፈ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉ። ከዚያ አፍሉት፤ ፍል ፍል ካለ በኋላ በዚህ ከፍታ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማገዶ ወይም ጋዝ ካጠረ ውሃ አጋር (የክሎሪን ውሃ ማከሚያ) በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሳያጣሩ ክሎሪን መጨመር ከንቱ ነው፤ ደለሉ መድኃኒቱን ይጨርሰዋል። ለደፍራሳ ውሃ የሚሻለው ቢሻንጋሪ ነው፤ አንዱ ፓኬት ለ20 ሊትር ነው፣ ደለሉን አዝቅጦ ጀርሙንም ይገድላል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ይህን ማፍላት አያስወግደውም። ለሁለት ሦስት ቀን ጉዳት የለውም፤ ሕፃን ይዞ ለሳምንታት የሚቆይ ሰው ግን የታሸገ ውሃ ይጠቀም።

ቢልሃርዝያ የምር ነገር ነው፤ ዝዋይ ላይ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ዳር ላይ፣ ሣርና ቄጠማ ባለበት ፀጥ ያለ ውሃ ውስጥ ነው። የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ ሲሆን ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስል አይፈልግም፣ በጊዜውም ላይሰማችሁ ይችላል። ስለዚህ ከዳርቻ ላይ እግር ነከር ማድረግም እንደ መዋኘት ሁሉ ያጋልጣል። የመታጠቢያው ውሃ በሮቶ ወይም በበርሜል ተሸፍኖ ሁለት ቀን ከቆየ ትሉ ይሞታል፣ ያለ ስጋት ታጠቡበት። በዚያው ቀን የተቀዳ ከሆነ ይፈላ። ከጀልባ ስትወርዱ ውሃ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ ከነካችሁ ወዲያው በፎጣ ጥርግ አድርጋችሁ ማድረቅ ይረዳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያድንም። ልጆችን መከልከል ከባዱ ሥራ ነው፤ የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ያያሉና። ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ አስረዷቸው።

ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ነው፤ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ወደ የብስ ይወጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በቄጠማው ዳር ብቻችሁን አትንሸራሸሩ። ድንገት ብታገኙት በእሱና በውሃው መካከል አትቁሙ፤ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው፣ መንገዱ ላይ ያለውን አይለይም።

ክፍሉ ውስጥ

እንደ ገባችሁ፣ ፀሐይ ሳለች፣ አልጋውን እዩ። የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን መገጣጠሚያ በባትሪ አብርታችሁ ፈትሹ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለ። ፍራሹ ፀሐይ ላይ እንዲሰጣ ጠይቁ ወይም በራሳችሁ ፍራሽ ተኙ። ሻንጣችሁን ወለል ላይ አትተዉ፣ ቁንጫ ይገባበታል፤ ሚስማር ላይ ወይም ወንበር ላይ ይሁን። አጎበሩን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አውርዳችሁ ጠርዙን ፍራሹ ሥር ክተቱ። ማታ መብራት በርቶ በሩ ክፍት ሆኖ ከቆየ ትንኝ ብቻ ሳይሆን የሐይቅ ጢንዚዛ ሁሉ ይሰበሰባል። መጸዳጃው ውጭ ከሆነ መንገዱን በቀን ተመላለሱበት፤ ድንጋዩን እግራችሁ ይልመደው።

ጸጥታውን የሚያውከው ከእንግዳ የሚመጣ ድምፅ ነው። ስፒከር ይዛችሁ አትሂዱ። ድምፅ በውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል፤ የናንተ ሙዚቃ ገዳሙ ድረስ ይሰማል። ሌሊት ማሕሌት ከሰማችሁ ግን ተነሥታችሁ አዳምጡ፤ እንዲያውም ከተፈቀደላችሁ ሂዱ።

ወደ ገዳሙ ለመሄድ ነጠላ ያዙ፤ ሴቶች ቀሚስ፣ ወንዶችም ሙሉ ሱሪ። ጧፍ ወይም ዕጣን ከባቱ ገዝቶ መሄድ መልካም ልማድ ነው። ጫማ ደጀ ሰላሙ ላይ ይወልቃል። የብራና መጻሕፍት እንዲያሳዩአችሁ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ በማረፊያው ባለቤት በኩል አስጠይቁ፤ ቁልፍ የያዘው አባት እርሻ ላይ ወይም ባቱ ሊሆን ይችላል። ብራናውን አባ ይግለጡት፣ እናንተ አትንኩ፤ የእጅ ላብ ቀለሙን ይጎዳዋል። ፎቶ ከፈቀዱ ያለ ፍላሽ። ሲያበቃ ለቤተ ክርስቲያኑ የምትሰጡትን በሙዳየ ምጽዋት አድርጉ። ለልጆች ገንዘብና ከረሜላ በመንገድ ላይ አትስጡ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከሆነ ለመምህር ስጡ።

ኮረብታው ላይ መውጣት የምትሹ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡ። ከ3 ሰዓት በኋላ ጥላ የለም። የተዘጋ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ውሃ። ወፍ ለማየትም ያው ሰዓት ነው፤ ፔሊካንና አባ ኮዳን ባቱ ዳርም ታገኛላችሁ፣ ዓሣ አዳኙን ንስር ግን ደሴት ላይ ተቀምጦ መስማት ይለያል።

ስትወጡ

ሒሳቡን ማታውኑ ዝጉ። ጠዋት ጀልባው እየጠበቀ የሚደረግ ሒሳብ ያጣላል፤ መልስም አይገኝም። ዋጋውን ከተስማማችሁ በኋላ ስትወጡ አትከራከሩ፤ ከሦስት አልጋ ገቢ ውስጥ የጀልባ ማመላለሻው ብቻ ብዙውን ይወስደዋል። የላስቲክ ጠርሙስ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሁሉንም በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ ወደ ባቱ ይዛችሁ ተመለሱ። ደሴት ላይ ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና የለም፤ የቀረው ወይ ይቃጠላል ወይ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ያልተነካ ምግብና ያልተከፈተ ውሃ ግን ለቤቱ ተዉ።

ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ተሻገሩ። ባቱ ከመድረሳችሁ በፊት በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ቀጠሮ አትያዙ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ሁለት ነገር አስታውሱ። ከሳምንት በኋላ፣ ወይም በሚቀጥሉት ወራት በማንኛውም ጊዜ ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ የዚያኑ ቀን የወባ ደም ምርመራ አድርጉ። ውጭ አገር የምትኖሩ ለሐኪሙ ኢትዮጵያ፣ ስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ላይ ማደራችሁን ራሳችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ወባ ላይታሰበው ይችላል። የሐይቁ ውሃ የነካው ሰው ደግሞ ምንም ባይሰማውም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላ ለቢልሃርዝያ ይመርመር። ቀድሞ የተደረገ ምርመራ ትሉ ገና እንቁላል ስላልጣለ ነጻ ነህ ሊል ይችላል። ከተገኘም መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል።